ያው ክንድ፣ ሌላ አጨዋወት

ኦክቶበር 21 ቀን 2019 ሰኞ ማታ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሆነው የኒው ዮርክ ጄትስ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪውና የማጥቃቱ መሪ) ሳም ዳርኖልድ የወረወረውን ኳስ አራት ጊዜ ተነጠቀ፤ ቡድኑም በኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ 33 ለ 0 ተሸነፈ። በጨዋታው መሃል ወንበር ላይ አረፍ ብሎ ሳለ፣ ለቴሌቪዥን ሥርጭት ልብሱ ላይ የተገጠመለት ማይክሮፎን ከአፉ ያመለጠችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለቀም አደረጋት፤ «መናፍስት እያየሁ ነው»። ዕድሜው 22 ነበር። የሌለ ተከላካይ ይታየኛል፣ ያለው ደግሞ ይሰወረኛል ማለቱ ነው። አገሩ ሁሉ ሳቀበት፤ ቃሏም ለዓመታት እንደ ቅጽል ስም ተከተለችው።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2026 ያው ሰው የሲያትል ሲሆክስን መለያ ለብሶ፣ ያንኑ ፓትሪየትስን 29 ለ 13 አሸንፎ የሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ዋንጫ አነሳ። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ምሽቶች መካከል ያለው ስድስት ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። ዳርኖልድ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቁመት አልጨመረም፤ ክንዱም የ2018ቱ ክንድ ነው፤ በዚያ ዓመት በተጫዋቾች ምርጫ፣ ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ በሚወስዱበት፣ ሦስተኛ ሆኖ እንዲወሰድ ያደረገው ክንድ። በስሏል ማለት ይቻላል፣ እውነትም በስሏል። ነገር ግን መብሰል ብቻውን መልስ ቢሆን ኖሮ ከእርሱ ጋር የወደቁት ሁሉ በሠላሳ ዓመታቸው ይነሱ ነበር። የተለወጠው ትልቁ ነገር በራስ ቁሩ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ፣ ድምፁም የሚነግረው ነገር ነው።

በእግር ኳስም ይህን መሰል ነገር እናውቃለን። ስኮት ማክቶሚናይ ማንቸስተር ዩናይትድን ለቆ ናፖሊ በገባ በመጀመሪያው ዓመት የጣሊያን ሻምፒዮንም የሊጉ ኮከብም ሆኗል። በአሜሪካ ፉትቦል ግን የአጨዋወት ጉልበት ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጨዋታው ራሱ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በእግር ኳስ አሰልጣኙ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ኳሱ ከተነሳ በኋላ ውሳኔው የተጫዋቹ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ግን እያንዳንዱ ሙከራ አስቀድሞ የተሣለ ቅንብር ነው። አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ (ዘጠኝ ሜትር ያህል) ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በየሙከራው መካከል ሰዓቱ ከ40 ወደ ታች ይቆጥራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሰልጣኙ ቅንብሩን በሬዲዮ ለኳርተርባኩ ይናገራል፤ ኳርተርባኩ ለአሥሩ ጓደኞቹ ያስተላልፋል። ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ሬዲዮው ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ብቻውን ነው።

የቅንብሮቹ ስሞች ራሳቸው ጉድ ናቸው። በብዙዎች ዘንድ ከሚታወቁት አንዱ «ስፓይደር ቱ ዋይ ባናና» ይባላል። ለማያውቅ ጆሮ የገበያ ዕቃ ዝርዝር ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን ጠባቂዎቹ እንዴት እንደሚያግዱና ማን ወዴት እንደሚሮጥ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። አንድ የማጥቃት አጨዋወት ማለት እንዲህ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ቅንብሮች፣ ቅንብሮቹ የሚጠሩበት ቋንቋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኳርተርባኩ ዓይኑን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያዞር የሚወስን ሥርዓት ነው። ኳሱ እጁ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ሦስት ሰከንድ አይሞላም። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሜዳውን ሁሉ ማየት የሚችል ሰው የለም። ጥሩ አጨዋወት የሚያደርገው ታዲያ ማየት ያለበትን ማሳነስ ነው።

ይህን በቅጡ የተረዳው ቢል ዎልሽ ነበር፤ የተረዳውም ቸግሮት ነው። ዎልሽ በሲንሲናቲ ቤንጋልስ ረዳት አሰልጣኝ ሳለ፣ በ1969 ግሬግ ኩክ የሚባል ክንደ ብርቱ ወጣት አግኝተው ነበር። ትከሻው ተጎዳና ተስፋው ከነመድረኩ ተዘጋ። በምትኩ የመጣው ቨርጂል ካርተር ሩቅ መወርወር የማይችል፣ ግን ቅርቡን የማይስት ሰው ነበር። ዎልሽ ያለውን ይዞ ማሰብ ጀመረ፤ ኳሱ ወደ ፊት ርቆ መሄድ ካልቻለ ወደ ጎን ይሂድ፤ አጭር ይሁን፣ ፈጣን ይሁን፣ ተቀባዩ ከያዘ በኋላ ይሩጥበት። በ1971 ካርተር ከወረወራቸው ኳሶች 62.2 በመቶው ለተቀባይ ደርሰው በዚህ ረገድ ሊጉን መራ። (ካርተር ራሱ ቀላል ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ሆኖ፣ ኳስ በሜዳው ላይ የምትገኝበት ቦታ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ ያሰላበትን ጥናት አሳትሟል። የዛሬዎቹ የቁጥር ተንታኞች ሳያውቁት የእርሱን መንገድ ነው የሚሄዱበት።) ዌስት ኮስት የሚባለው ታላቁ አጨዋወት፣ ዎልሽ በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ወስዶ ከጆ ሞንታና ጋር ዋንጫ በዋንጫ የሆነበት፣ መነሻው ይህ ነው፤ አንድ ደካማ ክንድ።

ሞንታናን የተካው ስቲቭ ያንግ ደግሞ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የጠራ ማስረጃ ይመስለኛል። ያንግ በ1985 እና በ1986 በታምፓ ቤይ ባካኒርስ 19 ጨዋታ ጀምሮ 16ቱን ተሸንፏል። አሥራ አንድ የተችዳውን ኳስ (ከግብ መስመሩ ማዶ ተይዞ ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ) ሲያቀብል 21 ጊዜ ተነጥቋል። ባካኒርሶች አይሆነንም ብለው በ1987 ለሳን ፍራንሲስኮ ሰጡት። ያው ሰው በዎልሽ አጨዋወት ውስጥ ስድስት ጊዜ የሊጉን የኳርተርባኮች ደረጃ መራ፤ በ1992 እና በ1994 የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ በጃንዋሪ 1995 በአንድ ሱፐር ቦውል ስድስት የተችዳውን ኳስ ወረወረ። ታምፓ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ስሙን የሚያነሳው ዘመዱ ብቻ ይሆን ነበር።

ስለ ዛሬው ሊግ ስናወራ ግን የምናወራው በአብዛኛው ስለ ሌላ ቤተሰብ ነው። ማይክ ሻናሃን በዴንቨር ብሮንኮስ በ1998 እና በ1999 ሁለት ሱፐር ቦውል ያሸነፈበት አጨዋወት መሠረቱ ሩጫ ነው። ልጁ ካይል ሻናሃንና የእርሱ ጓደኞች ያንን ሩጫ የማታለያ መሣሪያ አደረጉት። አንዷን ቅንብር ቀረብ ብለን እንያት።

ኳርተርባኩ ኳሱን ይቀበልና ጀርባውን ለተከላካዮቹ ይሰጣል። አምስቱ የፊት ጠባቂዎች እንደ አንድ ሰው ወደ ግራ ይፈስሳሉ። ሯጩ ወደ ግራ ይመጣል፤ ኳርተርባኩ እጁን ይዘረጋለታል። የመሃል ተከላካዮቹ ይህንኑ እንቅስቃሴ ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ ደጋግመው አይተውታል፤ ባዩት ቁጥር ሯጩ በግራ በኩል ሰብሮ አልፏል፤ ስለዚህ ሳያስቡት ወደ ግራ ሁለት ርምጃ ይራመዳሉ። የተፈለጉት እነዚያ ሁለት ርምጃዎች ናቸው። ኳሱ ለሯጩ አልተሰጠም። ኳርተርባኩ ደብቆት ወደ ቀኝ ታጥፎ ሰው በሌለበት እየሮጠ ነው። ከፊቱ ሦስት ተቀባዮች በሦስት ርቀት፣ ሁሉም እርሱ ወደሚሮጥበት አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ አንዱ አጠገቡ፣ አንዱ ከአሥር ያርድ አለፍ ብሎ፣ አንዱ ሩቅ። የሜዳው ግማሽ ተቆርጦ ተጥሎለታል። ማየት ያለበት አንድ ተከላካይ ነው፤ ያ ተከላካይ ወደ ቅርቡ ከመጣ ከኋላው ይወረወራል፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ቅርቡ ይሰጠዋል።

እንዲህ ያለውን ኳስ መወርወር ቀላል ነው አልልም። ሊገድሉት የሚሮጡ የመቶ ሠላሳ ኪሎ ሰዎች እየመጡበት ነው። ሆኖም በሜዳው ሁሉ የተበተኑ አምስት ተቀባዮችንና ሰባት ተከላካዮችን ቆሞ እንዲመረምር ከሚጠየቀው ኳርተርባክ ጋር የሥራ ጭነቱ አንድ አይደለም። ሁለቱን በአንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህኛው ይሻላል» ማለት የብዙ ተንታኞች የዘወትር ስህተት ነው።

ጃሬድ ጎፍ ይህን በሕይወቱ ያየ ሰው ነው። በ2016 በሎስ አንጀለስ ራምስ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በዚያ ዓመት የጀመራቸውን ሰባት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። «አልሆነም» ተባለ። በ2017 የ30 ዓመቱ አሰልጣኝ ሾን ማክቬይ መጣ። በ2016 ነጥብ በማስቆጠር ከሊጉ የመጨረሻ የነበረው ቡድን በ2017 የመጀመሪያ ሆነ፤ ጎፍም 28 የተችዳውን ኳስ አቀበለ። ማክቬይ ከሻናሃን ቤተሰብ የቀሰመው ቅንብር ብቻ አልነበረም የረዳው። ቡድኑን በፍጥነት ወደ መስመሩ ያሰልፍና፣ ሬዲዮው ከመቋረጡ በፊት ባሉት ሰከንዶች የተከላካዮቹን አሰላለፍ አይቶ በጎፍ ጆሮ ይነግረው ነበር። ኳርተርባኩ ሊማር ዓመታት የሚፈጅበትን ንባብ አሰልጣኙ አነበበለት። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ብልህነት ነው። ግን አንድ ጥያቄ ትቶ ነበር፤ ሬዲዮው ከተቋረጠ በኋላ ተከላካዩ አሰላለፉን ቢቀይርስ?

መልሱ በ2018 መጨረሻ መጣ። ዲሴምበር 9 ቺካጎ ላይ የቺካጎ ቤርስ የመከላከል አሰልጣኝ የቪክ ፋንጂዮ ተከላካዮች ጎፍን አራት ጊዜ ነጠቁት፤ ራምስ 15 ለ 6 ተሸነፉ። ሁለት ተከላካዮችን ከኋላ በጥልቀት ያቆማሉ፣ ሩጫው እንዳያታልላቸው ራሳቸውን ይገዛሉ፣ ኳሱ ሲነሳ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። በፌብሩዋሪ 2019 በተደረገው ሱፐር ቦውል የፓትሪየትሱ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ያንን መንገድ በራሱ አቀናብሮ ያዘ፤ ራምስ በጨዋታው ሁሉ ያገኙት ነጥብ ሦስት ነው፤ 13 ለ 3። በዚያ ምሽት ጎፍ መጀመሪያ የተነገረው መልስ በጠፋ ቁጥር ሁለተኛ መልስ ሲፈልግ ይታይ ነበር፤ ባገኘውም ጊዜ ይዘገይ ነበር።

የእኔ እምነት እዚህ ላይ ነው። አጨዋወት ለኳርተርባክ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጠዋል። የአብዛኛው ኳርተርባክ ቁጥር፣ ደሞዝና ስም የሚሠራው በዚያ የመጀመሪያ መልስ ላይ ነው። የሰውየው ልክ የሚታወቀው መልሱ ሲነጠቅበት ነው፤ ያ ደግሞ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደርስ በመሆኑ፣ ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት እያየን እንኳ ማንነቱን ላናውቀው እንችላለን።

ራምስ ትዕግሥታቸው አለቀ። በ2021 ጎፍን ከሁለት የአንደኛ ዙርና ከአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ጋር ለዲትሮይት ላየንስ ሰጥተው ማቲው ስታፎርድን ወሰዱ። ስታፎርድ ዲትሮይት ላይ 12 ዓመት ተጫውቶ አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ያላሸነፈ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከማክቬይ ጋር ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ክርክሩ ያለቀ መሰለ፤ ጎፍ የአጨዋወት ፍጡር፣ ስታፎርድ እውነተኛው።

ታሪኩ ግን አላለቀም። ዲትሮይት ውስጥ ቤን ጆንሰን የማጥቃቱን ሥራ ተረከበና ጎፍ የሚወደውን ለይቶ ሰጠው፤ በሊጉ ከጠነከሩት አንዱ የሆነ የፊት መስመር፣ ሩጫ መስሎ የሚጀምር ቅንብር፣ የሜዳው መሃል። ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 ስታፎርድ ከነማክቬይ ወደ ዲትሮይት መጥቶ 24 ለ 23 ተሸነፈ። ላየንስ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲያሸንፉ ከ32 ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 ጎፍ ከሲያትል ጋር ሲጫወት 18 ኳስ ወርውሮ 18ቱም ተቀባይ እጅ ገቡ። ከዚህ በኋላ «አጨዋወቱ ነው» የሚለውን ስድብ መሸከም የነበረበት ስታፎርድም ጎፍም አይደሉም። ሁለቱም የሚስማማቸውን ቤት አገኙ፤ ሌላ ተአምር የለበትም።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዙሪያ የሚኖረው ሐበሻ ብዙ ነውና የዚህን ታሪክ አንድ ምዕራፍ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ከቅርብ አይተውታል። በ2012 የዋሽንግተኑ ቡድን አሰልጣኞች ቢሮ ውስጥ ማይክና ካይል ሻናሃን፣ ሾን ማክቬይ፣ ማት ላፍለርና ማይክ ማክዳንኤል አብረው ይሠሩ ነበር። የዛሬውን ሊግ አጨዋወት የቀረጹ ሰዎች በአንድ ኮሪደር ማለት ነው። የተሰጣቸው ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፊን ሳልሳዊ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከለመደው ብዙውን ወስደው ከራሳቸው ሩጫ ጋር ቀላቀሉት፤ ኳሱን ለሯጩ ስጥ ወይም ራስህ ይዘህ ሩጥ የሚል ምርጫ ያለበት ቅንብር። ወጣቱ 3,200 ያርድ ወርውሮ 815 ያርድ ሮጠ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ፤ ቡድኑም 10 አሸንፎ 6 ተሸነፈ።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 በጥሎ ማለፉ ጨዋታ ጉልበቱ ተቀደደ። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ 13 ጨዋታ ተሸንፎ የአሰልጣኞቹ ቤት ፈረሰ፤ ግሪፊንም ወደ መጀመሪያው ዓመቱ አልተመለሰም። ይህ ታሪክ ሲነሳ ጥፋተኛ ለመፈለግ የሚሮጥ ብዙ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ አጨዋወት ለተጫዋቹ ቢስማማም ዋጋ ያስከፍላል፤ ያኛው ዋጋውን ያስከፈለው በእግር ነበር። በዚያው ዓመት በዚያው ቡድን 102ኛ ሆኖ የተመረጠው ኪርክ ከዝንስ ግን፣ እንደ ግሪፊን መሮጥ የማይችለው፣ ያንኑ የሻናሃን ቋንቋ ተምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረበት።

ስለ መማር ካነሳን አሌክስ ስሚዝን መዝለል ግፍ ነው። በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰባት የማጥቃት አሰልጣኝ ተፈራረቀበት፤ በየዓመቱ ፊደል እንደሚቀየርበት ተማሪ ማለት ነው። ትናንት በአንድ ቃል የተጠራው ሩጫ ዛሬ በሌላ ቃል ይጠራል፤ ትናንት ከግራ ወደ ቀኝ ያነበበውን ዛሬ ከቀኝ ወደ ግራ አንብብ ይባላል። በዚያው ምርጫ 24ኛ የተወሰደው አሮን ሮጀርስ በግሪን ቤይ ከብሬት ፋቭር ጀርባ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ ተማረ። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ታሪኩ ይገለበጥ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ የሮጀርስ ክንድ በየትኛውም ቤት የሚታይ ክንድ ነው። ግን በ2011 ጂም ሃርቦ መጥቶ ነገሩን ሲያረጋጋለት ስሚዝ በመደበኛው የውድድር ዘመን አምስት ጊዜ ብቻ ተነጥቆ ቡድኑ 13 ጨዋታ አሸነፈ። ስድስቱን ዓመት ሰውየውን ያሰቃየው የእርሱ ድክመት ብቻ እንዳልነበረ ለማወቅ ሌላ ምስክር አያሻም።

አንዳንድ ክለብ ደግሞ ሰውን ለልብስ ሳይሆን ልብስን ለሰው ይሰፋል። ላማር ጃክሰን በ2018 ሊመረጥ ሲል ቦታ ቀይሮ ተቀባይ ቢሆን ይሻላል ያሉ ነበሩ። ባልቲሞር ሬቨንስ በ32ኛው ወሰዱትና በ2019 ማጥቃታቸውን ከመሠረቱ አፍርሰው በእርሱ ልክ ሠሩት። ኳርተርባክ ሆኖ 1,206 ያርድ ሮጠ፤ 36 የተችዳውን ኳስ አቀበለ፤ የሊጉ ኮከብ ሲመረጥ አንድም ድምፅ ለሌላ ሰው አልሄደም። ከዚያ በ2023 በሌላ አሰልጣኝ፣ መወርወር በሚበዛበት ሌላ አጨዋወት፣ ደግሞ ኮከብ ሆነ። ይህ ሁለተኛው ነው ለእኔ የበለጠ የሚናገረው፤ ልብሱ ሲቀየርም ሰውየው አልጠበበም።

አጨዋወቱ ሁሉን ይሠራል ለሚሉትም ሳን ፍራንሲስኮ መልስ አላት። ካይል ሻናሃን በ2021 ትሬይ ላንስን በሦስተኛ ምርጫ ሲወስድ ክለቡ ብዙ የወደፊት ምርጫ ከፍሎበታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከምርጫው ሁሉ የመጨረሻ የሆነውን፣ 262ኛውን ብሮክ ፐርዲን ወሰደ። አሰልጣኙ ያው፣ የቅንብር መጽሐፉ ያው፣ ተቀባዮቹ ያው። ላንስ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ፣ ዳግመኛም ቦታውን ሳያገኝ፣ በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ተሰጠ። ፐርዲ በ2023 4,280 ያርድ ወርውሮ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል አበቃ፤ በ2025 የአምስት ዓመት 265 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ሰዎች ግን ዛሬም «የአጨዋወቱ ውጤት ነው» ይሉታል። አጨዋወት የሌለው ኳርተርባክ አይቼ አላውቅም፤ ካለ መናፍስት የሚያየው እርሱ ነው።

ወደ ዳርኖልድ እንመለስ። ጄትስና ካሮላይና ተስፋ ከቆረጡበት በኋላ በ2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የፐርዲ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ብዙ አልተጫወተም፤ ግን የሻናሃንን ቋንቋ ተማረ። በ2024 ሚኔሶታ ቫይኪንግስ በአንድ ዓመት ውልና በ10 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። አሰልጣኙ ኬቨን ኦኮኔል ራሱ ኳርተርባክ የነበረ፣ ከማክቬይ ጋር ዋንጫ ያሸነፈ ሰው ነው። ዳርኖልድ 35 የተችዳውን ኳስ አቀበለ፤ ቡድኑ 14 አሸነፈ፤ ኦኮኔል የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ሆነ። በእርግጥ ጀስቲን ጄፈርሰንን የመሰለ ተቀባይም ነበረው።

ከዚያ የመጀመሪያው መልስ ተነጠቀ። በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ዲትሮይት ላይ 41 ወርውሮ 18 ብቻ ደረሱለት፤ በጥሎ ማለፉ ራምስ ኳሱን እንደያዘ ዘጠኝ ጊዜ ጣሉት። ሚኔሶታ የሚፈልገውን ያየ መሰለው፤ ያማረው ዓመት የኦኮኔል ሥራ ነው፣ ወጣቱ ጄ ጄ ማካርቲ በርካሽ ይሠራዋል። ዳርኖልድን ሸኙት። በ2025 ማካርቲ በዚያው አሰልጣኝና በዚያው ተቀባይ ፊት፣ ከጉዳት ጉዳት እየተንገላታ፣ ካቀበላቸው የተችዳውን ኳሶች የተነጠቁበት በለጡ። ቫይኪንግስ 9 አሸንፈው 8 ተሸንፈው ከጥሎ ማለፉ ውጪ ቀሩ። አንድ ዓመት ለመፍረድ አይበቃም፤ ለሚኔሶታ ቦርሳ ግን በቅቷል።

ሲያትል በሦስት ዓመት 100.5 ሚሊዮን ዶላር ዳርኖልድን ሲያስፈርም የማጥቃት አሰልጣኙ ክሊንት ኩቢያክ ነበር። በአባቱ በጋሪ ኩቢያክ በኩል የዴንቨሩ የሻናሃን ቤት ልጅ ነው፤ በ2023 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከዳርኖልድ ጋር አብሮ ሠርቷል። ቋንቋው አዲስ አልነበረም። ሆኖም ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በኖቬምበር 2025 እነዚያው ራምስ አራት ጊዜ ነጠቁት፤ ያቺ የ2019 ቃል እንደገና በየአፉ ተነሳች። በጃንዋሪ ከእነርሱ ጋር ለሱፐር ቦውል ማለፊያ ሲገናኝ ግን የመጀመሪያው መልስ ሲዘጋ ሁለተኛውን ሲያገኝ፣ ሁለተኛው ሲዘጋ ኳሱን ወደ ውጭ ሲጥለው ታየ። በፍጻሜው ኮከብ የተባለው ሯጩ ኬኔት ዎከር ነው፤ ተከላካዮቹም ፓትሪየትስን አንቀው ይዘዋቸዋል። ዳርኖልድ በዚያ ምሽት ጀግና አልነበረም። ኳስም አልተነጠቀም።

ከፍጻሜው በኋላ ክሊንት ኩቢያክ የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ፣ ሰዓቱ 15 ሰከንድ እስኪቀረው ድረስ፣ በዳርኖልድ ጆሮ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።